ብቻዬን መሆን የነበረብኝ ክፍል

ክፍሉ ውስጥ መገኘት የነበረብኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። የኮሌጁ ደንብ ግልጽ ነው፤ አንድ ተፈታኝ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የተዘጋ በር። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ግን ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ባለው ቤታችን የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው።

እኔ ሳሎን ውስጥ፣ በምግብ ጠረጴዛው ራስጌ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ቆሜአለሁ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አለ። መቀመጥ ነበረብኝ፤ ለምን እንደቆምኩ በኋላ እናገራለሁ። አባ ወልደ ሰንበት በቀኜ ናቸው፤ መስቀላቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ነው። ጓደኛዬ ወይዘሮ አሰለፈች በግራዬ ናት፤ አንድ ፔርሙስ አጥሚት ታቅፋ አፍንጫዋን ካሜራው ላይ ልትለጥፍ ደርሳለች። አቶ ታደሰ የውጭውን በር ከውስጥ ተደግፈው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ልጄ ሂሩት ከበሩ ውጭ ቆማ ሰው መከልከል ሲገባት፣ ከበሩ ውስጥ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ከማኅበር የመጡ አራት ሴቶች መኝታ ቤቴ ገብተው አልጋዬን ያነጥፋሉ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች አንዲት ኬንያዊት ወጣት አለች። ፈታኟ እሷ ናት። ከእኔ የምታየው የቀሚሴን ወገብ ብቻ ነው።

ነገሩ እዚህ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም።

ላቪንግተን ውስጥ፣ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ክፍል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ልጆችን አማርኛ አስተምሬአለሁ። ልጆቹ ናይሮቢ የተወለዱ ናቸው። ስማቸውን በፊደል መጻፍ ሳይችሉ ይመጡና ዓመቱ ሲያልቅ አዲስ አበባ ላሉ አያቶቻቸው አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ስለ ውሻ ነው፤ ቢሆንም ይጽፋሉ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ከሳምንቱ ቀናት ለይቼ የማውቀው ቅዳሜን ብቻ የነበረበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ዘንድሮ ለመዋዕለ ሕፃናቱ አዲስ ዳይሬክተር መጣች። በእኔ ግቢ ውስጥ ልጅ የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሕፃናት አስተማሪነት የምስክር ወረቀት ይኑረው አለች። ክፍሉን በነጻ የምታውሰን እሷ ስለሆነች መከራከር አልተቻለም። ይህን ሊነግሩኝ የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ አቶ ታደሰ ቤቴ ድረስ መጡ። ጥሩ ሰው ናቸው። ክፉ ወሬ ሊናገሩ ሲሉ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ስለዚህ ገና ሳይቀመጡ ገባኝ።

«እትዬ፣ የወረቀት ነገር ሆኖ ነው እንጂ የእርስዎ ነገርማ አይደለም» አሉ። «እስከ ተርሙ መጨረሻ ወረቀቱ ካልመጣ ግን…»

ባርኔጣቸውን ገልብጠው ውስጡን አዩት። የቀረው ዓረፍተ ነገር እዚያ የተጻፈ ይመስል።

ማታ ለሂሩት ነገርኳት። ሂሩት ናይሮቢ ስንገባ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ቢሮ ውስጥ የሌሎችን ሰዎች ስብሰባ ታሰናዳለች።

«ማሚ፣ ኢዚ ነው» አለችኝ። «ኦንላይን ትማሪያለሽ። ከሶፋው ሳትነሺ። ሃኩና ሺዳ።»

ሃኩና ሺዳ ችግር የለም ማለት ነው። ሂሩት ይህን ካለች ሁልጊዜ አንድ ችግር አለ።

ስልኬን ተቀብላ አንድ ቦታ ነካ አደረገችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሌጆች ይደውሉልኝ ጀመር። አንዱ ገና ሳልመዘገብ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። አንዱ በሁለት ሳምንት ዲግሪ ትይዣለሽ አለኝ፤ ለእኔ ሁለት ሳምንት መነጽሬን የምፈልግበት ጊዜ ነው። አንዲቷ ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ ራስሽን የት ታይዋለሽ ብላ ጠየቀችኝ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። «ተቀምጬ» አልኳት። ስትጽፈው ይሰማኛል።

ሂሩት ከሁሉም ሦስቱን መረጠችና ከእነዚህ አንዱን ምረጪ አለች። ምን አይቼ ልምረጥ? የሦስቱም ፎቶግራፍ አንድ ነው፤ ሣር ላይ ተቀምጠው የሚስቁ ልጆች። እኛ ደግሞ ትምህርት ቤት እንዲህ አንመርጥም። የእኛ ሰው ልጁን ከማስመዝገቡ በፊት ግቢውን ዞሮ ያያል፣ ዘበኛውን ያናግራል፣ የመጸዳጃ ቤቱን በር ይከፍታል፣ ዳይሬክተሩ የማን ልጅ እንደሆነ ያጣራል። እናቴ እኔን አንደኛ ክፍል ስታስገባኝ የመምህሩን ጥፍር አይታለች። እኔም ሂሩት ሥራ በሄደችበት ቀን ጥሩ ቀሚሴን ለበስኩ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቴን በትልቅ ቡናማ ፖስታ ያዝኩና ኦንላይን ኮሌጆቹን ላያቸው ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍሬ መሃል ከተማ ወረድኩ።

የመጀመሪያው አድራሻ ላይ የመኪና ጎማ መሸጫ አገኘሁ። ሰውዬው ጎማ እንጂ ዲፕሎማ የለንም አለኝ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ እንዳልከፋ ብሎ አንድ ጎማ አሳየኝ። ሁለተኛው ኮሌጅ ያለበት ሕንፃ ቁጥሩ ከአርባ ሁለት ወደ አርባ ስድስት ይዘላል። አርባ አራት የለም። አራት ዘበኛ ጠየቅሁ፤ አራቱም በአራት አቅጣጫ ላኩኝ።

ሦስተኛው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ። እዚያ አንድ የደም መመርመሪያ አለ፤ በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠዋል። ፖስታዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። በዚያ ሰዓት አንዲት ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት ከላይ ስትወርድ አገኘችኝ። ሰላም አለችኝ። ፖስታውን አየች። በሩ ላይ የተጻፈውን አየች። ምንም አልጠየቀችም። ብትጠይቀኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ኮሌጁ አንድ ክፍል ነው። አንድ ሰውዬ የተቀቀለ በቆሎና ቦሎቄ እየበላ ነበር። ለመመዝገብ ሳይሆን ኮሌጁን ለማየት እንደመጣሁ ነገርኩት።

«ማማ፣ ኮሌጁ ኦንላይን ነው» አለ። «እዚህ የሚታይ ነገር የለም።»

«የመጣሁት እሱን ለማየት ነው» አልኩት።

ትንሽ አሰበና ማንኪያውን አስቀመጠ። ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም የሚል አንዲት ሳጥን አሳየኝ፤ ኮሌጁ በእሷ በኩል እንደሚሄድ ነገረኝ። ከላይ አቧራ የለባትም። ውሃ አመጣልኝ። እርስዎን የሚመጥን ትምህርት አለን፣ ግን ቀላል አይደለም፣ መጨረሻው ላይ ፈተና አለ፣ በፈተናው ላይ ማንም አይረዳዎትም አለኝ። ቀላል አይደለም ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። እዚያው ተመዘገብኩ።

ሂሩት ስትሰማ ሶፋው ላይ ተንጋለለች። «ማሚ! ኦንላይን ኮሌጅ በአካል ሄደሽ? በእግርሽ? ስድስተኛ ፎቅ?» ለቢሮ ጓደኞቿም ነግራቸዋለች፤ አውቃለሁ፣ ሲያዩኝ ፈገግ ይላሉ።

ትምህርቱን መልመድ አላስቸገረኝም። የመጀመሪያው የቤት ሥራ ልጅ ሲያለቅስ ምን ታደርጊያለሽ የሚል ነበር። «አነሣዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሂሩት መመሪያውን አነበበችልኝ፤ ሦስት ገጽ ይላል። ሦስት ገጽ እስክጽፍ ድረስ ልጁ ምን ይሆናል? ቢሆንም ጻፍኩ። የሰዓቱን ነገርም ሁሉም ሰው የምሳሳት ይመስለዋል፤ እኔ በእንግሊዝኛም በእኛም ሰዓት ማንበብ እችላለሁ። ያስቸገረኝ ሰዓቱን ማንበብ ሳይሆን ሰዓቱን ማግኘት ነው።

ሂሩት የጊዜ ሰሌዳ ሠርታ ፍሪጁ ላይ ለጠፈች። አረንጓዴው ጥናት ነው፣ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት። ቢጫው ዕረፍት ነው። ቀዩ እንግዳ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተመድቦለታል። እንግዳም እንደ ስብሰባ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ ይመስላታል።

በመጀመሪያው ሰኞ ለቅሶ ነበር። ማክሰኞ አራስ ጠየቅሁ። ረቡዕ ልክ በሦስት ሰዓት መጽሐፉን ስከፍት አሰለፈች ደወለች። አሰለፈች እዚሁ ኪሊማኒ ምግብ ቤት አላት፤ ጠዋት ሥራ እስኪበዛ ድረስ ከእኔ ጋር ማውራት ትወዳለች። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ሂሩት ለምን እንደማታገባ። ከዚያ ወሬው ይጀመራል። ሐሙስም እንደዚሁ። አርብ ላይ ሳየው አረንጓዴው ሁሉ ቀይ ሆኗል።

ስለዚህ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ስልኬን መዝጋት ጀመርኩ። ከማኅበሩም ጥሪ ሁለት ጊዜ ቀረሁ። ጥናት ላይ ነኝ ብዬ መናገር እችል ነበር። አላደረግሁትም። በዚህ ዕድሜ ተፈትኜ ብወድቅ ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰማል። ሂሩትንም ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት።

ጥፋቴ ይህ ነው። በእኛ ዘንድ አንዲት አሮጊት ስልክ ካላነሣች፣ ከማኅበር ከቀረች፣ በዚያ ላይ ፖስታ ይዛ የደም መመርመሪያ በር ላይ ከታየች፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። አንድ የቀረ ነገር ቢኖር እሱን ሂሩት ጨመረችው። የፈተናው ዋዜማ አሰለፈች ደውላ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ እናትሽ ደህና ናት?» አለቻት። ሂሩት መዋሸት አትችልም፣ እንዳትናገር ደግሞ ምላለች። ዝም አለች። ስለ ሰው ጤና ሲጠየቅ ዝም ያለ ቤተሰብ ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አሰለፈች ስልኩ ላይ አለቀሰች። ሂሩት ይህን ለእኔ የነገረችኝ ከሁሉ ነገር በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛውን አጸዳሁ። ፈታኟ ክፍሉን በካሜራ ዙሪያውን እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ ከጠረጴዛው ሥር ሳይቀር አሳየኋት። ከወንበርሽ አትነሺ፣ ፊትሽ ከካሜራው አይጥፋ፣ ከማንም ጋር አትነጋገሪ አለችኝ። ሂሩት ከቢሮ ፈቃድ ወስዳ ከበሩ ውጭ ቆመች። ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ጥሩ ነበሩ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ፤ ከዚያ የሂሩት ድምፅ፣ «እትዬ አሰለፈች፣ ፕሊስ፣ አሁን አይቻልም!»

«አይቻልም? እኔን? ዞር በይ አንቺ ልጅ።»

በሩ ተከፈተ። አሰለፈች ከፔርሙሷ ጋር ቀድማ ገባች፣ ማዳመጫውን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ደረቷን መታች።

«ከአልጋ አውርደው እዚህ ያስቀምጧታል! ይሄ ገመድ ምንድን ነው? ምንሽ ላይ ነው የሰኩት?»

አልመለስኩም። ከማንም ጋር አትነጋገሪ ተብያለሁ። ዝም ማለቴን ስታይ ይበልጥ ደነገጠች። ከዚያ ነጭ ሸሚዝ የለበሰችውን ልጅ አየቻት።

«ሐኪሟ ናት?» አለች ጎንበስ ብላ። «ሃባሪ ዳክታሪ! እንደምን ነሽ ዶክተር! ንገሪን እስቲ፤ አትደብቂን። እኛ ቤተሰቦቿ ነን። ስንት ጊዜ ሰጣችኋት?»

ፈታኟ በእንግሊዝኛ ይህች ሴት ማን ናት ብላ ጠየቀች። አሰለፈች «ምን አለች?» አለች። ሂሩት ከበሩ ላይ «ስንት ጊዜ እንደሚሰጣትማ ደንቡ ላይ አለ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ነው!» ብላ ጮኸች። አሰለፈች ወንበር ፈለገች።

እስከዚህ ድረስ ዓይኔን ከስድስተኛው ጥያቄ አላነሣሁም ነበር። ፈታኟም ምናልባት ታልፈው ነበር። ግን አባ ወልደ ሰንበት ገቡ። ተነሣሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ እግሬ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት ቄስ ሲገባ የተነሣ እግር ስለ ካሜራ የሚያውቀው ነገር የለም። ቆሜ ሳለሁ አራቱ የማኅበር ሴቶች በጀርባዬ በኩል ብርቱካን ይዘው ወደ መኝታ ቤት አለፉ፤ በመጨረሻ አቶ ታደሰ ገብተው በሩን ዘጉና ተደገፉት። መጀመሪያ ላይ የዘረዘርኩት አሰላለፍ ይህ ነው።

ፈታኟ ፈተናው ቆሟል አለች።

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ጥቅም አልነበረውም። ማዳመጫውን አወለቅሁ።

«አልታመምኩም» አልኳቸው። «ፈተና ላይ ነኝ። ኮሌጅ ገብቻለሁ።»

አሰለፈችና አባ ተያዩ። አሰለፈች መዳፏን ግንባሬ ላይ አደረገች።

«ትኩሳቱ ነው» አለች።

«እውነቷን ነው፤ ስዌር!» አለች ሂሩት።

«አንቺማ ትናንትም ዝም ብለሻል» አለቻት አሰለፈች።

አቶ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባርኔጣው አስቀድሞ ወልቋል፤ ያን ጊዜ ነበር በደንብ ያየሁት።

«እትዬ፣ ምንም ነገር እንዳያስጨንቅዎ» አሉ። «ስለ ቅዳሜውም አያስቡ። ሰው አግኝተናል። ወረቀት ያላት፣ ጎበዝ ልጅ ናት፤ የእህቴ ልጅ። ከነገ ወዲያ ትጀምራለች። እርስዎ ብቻ ይረፉ።»

ልጅቷን አውቃታለሁ። መልካም ልጅ ናት። ሰላምታ የምትሰጠኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሃሌታው ሀን ከሐመሩ ሐ እንደማትለይ ደግሞ ባለፈው የልደት ካርድ ስትጽፍልኝ አይቻለሁ። ማዳመጫውን መልሼ አደረግሁ።

ፈታኟ እየጠበቀች ነበር። በደንቡ ውጤቴን ዜሮ ብላ መዝጋት እንዳለባት ነገረችኝ። ከዚያ የሚታያትን ነገር አየች፤ እጀ ጠባቡን፣ ቆቡን፣ ፔርሙሱን። «እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው?» አለች።

«ታመመች ብለው ሊጠይቁኝ የመጡ ናቸው።»

«ታመዋል?»

«አልታመምኩም።»

«እኔም ሾሾ አለችኝ» አለች፤ አያት ማለቷ ነው። «አሥራ አምስት ደቂቃ እሰጥዎታለሁ። ማንም የሌለበት፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል። ኮምፒውተሩን እንዳይዘጉት፤ ከተዘጋ ተዘጋ። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ የማደርገው ነገር የለም።»

ለሂሩት ነገርኳት። ሂሩት እንግዶቹን በየተራ ለመነቻቸው። አሰለፈች በሽተኛ ብቻውን አይተውም አለች። መኝታ ቤት ሦስት ሴቶች አሉ። ኩሽና በር የለውም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከአራቱ አንዷ ብርቱካን ታጥባለች።

«ታች ያለው ቤት ባዶ ነው» አለች ሂሩት በጆሮዬ። «የሕንፃው ኬርቴከር ቁልፍ አለው። ዋይፋያችን ይደርሳል። ፖሌ፣ ይቅርታ ማሚ፣ መጣሁ!» በአቶ ታደሰ ብብት ሥር ሹልክ ብላ ወጣች።

ያን ጊዜ ነው አባ መስቀሉን ከራሴ በላይ ያነሡት። «ልጄ፣ ጎንበስ በይ» አሉኝ። ጎንበስ አልኩ። ጸሎቱን ጀመሩ።

አባ ወልደ ሰንበት ጸሎት አያሳጥሩም። ለዚህም ነው ሰው የሚወዳቸው። ለደህና ሰው እንኳ ቀስ ብለው ነው፤ ለብርቱ በሽተኛ ሲሆን ደግሞ የማያስታውሱት ቅዱስ የለም። አሰለፈች አጠገቤ እንባዋን ትጠርጋለች። እውነተኛ እንባ ነው። አርባ ዓመት የቆየ ወዳጅነት ነው የምታለቅሰው፤ ይህን አውቄ ነው እዚያ የቆምኩት።

ሂሩት ተመለሰች። በአቶ ታደሰ ትከሻ በኩል ቁልፉን አሳየችኝ። ከዚያ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ አሥር ደቂቃ ቀርቷል። አባ ገና ከሰማዕታት ወደ ጻድቃን እየተሻገሩ ነበር። ትንሽ ቆይታ ሰባት ጣት አሳየችኝ። ከመኝታ ቤት ሴቶቹ ወጥተው ከኋላዬ ተሰለፉና «አሜን» ማለት ጀመሩ። አምስት ጣት። የአባ ድምፅ ሞቅ እያለ ሄደ። ሊጨርሱ ሲሉ ድምፃቸው እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ።

በሕይወቴ ጸሎት አቋርጬ ሄጄ አላውቅም። እንግዳም ቤቴ ውስጥ ትቼ ወጥቼ አላውቅም። ባለቤቴ የታመመ ጊዜ እንኳ ሊጠይቁት የመጡትን ሁሉ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኝቻለሁ።

ሂሩት አራት ጣት አሳየችኝ።

ራሴን ከመስቀሉ ሥር ዝቅ አድርጌ አወጣሁ። የአባ ዓይን ተጨፍኗል። ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ አቀፍኩት፤ ፈታኟ ውስጡ ሆና ታየኛለች። አሰለፈች ቀና ብላ አየችኝ፤ ፔርሙሱን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ወደ በሩ ሄድኩ።

«አቶ ታደሰ፣ ከበሩ ዞር ይበሉልኝ።»

«እትዬ፣ ጸሎቱ እኮ አላለቀም» አሉ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።»

ዞር አሉ። ወጣሁ።